ስለ ጎማ ዳዶ መፍቻ ነጋዴው ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል አሶሳ የሚደርስ መኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ወደ መንጌ የሚያቀና ደግሞ ከአሶሳ በኋላ ገና ሌላ መንገድ ይቀረዋል። ይህን ያህል ርቀት የሚሄድ ሹፌር ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ ተለዋጭ ጎማውንና ክሪኩን አዘጋጅቶ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጎማው በተነፈሰበት ሰዓት ይህ ሁሉ ዝግጅት የሚረባው መፍቻው ከዳዶው ጋር የተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከተስማማ ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ካልተስማማ ግን የጫነው ማንጎ በፀሐይ ሲበሰብስ፣ የገበያውም ቀን ሲያልፍ፣ ሹፌሩ በመንገድ ዳር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን መፍቻ ሲለምን ይውላል።

ጉዳዩ ከላይ ሲያዩት የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነገሩን እስከ መነሻው ተከትሎ ለሚመረምር ሰው፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በነጋዴው ቤት፣ ያውም በትዕዛዝ ደብዳቤው ላይ ሆኖ ይገኛል። አስመጪው ጎማውን፣ ቸርኬውንና ዳዶውን ያስመጣል፤ መፍቻውን ግን «ደንበኛው ከሌላ ያገኘዋል» ብሎ ይተወዋል። ባለሱቁም በበኩሉ የመጣለትን ይሸጣል እንጂ ዳዶው ለየትኛው ጎንና ለየትኛው ልክ እንደ ተሠራ አይጠይቅም። ቸርኬና ዳዶ የሚያስመጣ ነጋዴ መፍቻውን እንደ አንድ ዕቃ ቈጥሮ አብሮ ማስመጣት፣ የሚሸጠውም ነጋዴ አጠቃቀሙን አብሮ መንገር የሚገባው ስለዚህ ነው።

ይህ አሳብ ዛሬ እንዲነሣ የሚያስገድድ በቂ ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የብር ዋጋ ዝቅ ስላለ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወደደ። የሦስቱ ነገሮች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያለው ቮልስ፣ ላዳ፣ ላንድሮቨርና ፊያት በቀላሉ የሚተካ ስላይደለ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። ቀድሞ ለቍራጭ ብረት የታሰበ አሮጌ አውቶሞቢል እንኳ ዛሬ ባለቤቱ ሸራ አልብሶ የሚያኖረው፣ ቀለም አስቀብቶና ሞተር አሳድሶ በሠርግ ቀን የሚያወጣው ንብረት ሆኗል። ንብረቱ ዋጋ ባገኘ መጠን የሚጠበቅበት መሣሪያም ዋጋ ማግኘት ነበረበት፤ በገበያው ላይ የሚታየው ግን ይህ አይደለም።

ስለ ጎማ አስተሳሰር ታሪክ ጥቂት ማውሳት ያስፈልጋል። ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በአብዛኛው ቸርኬው ከመኪናው ስለማይነቀል፣ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ጎማውን በዚያው በቆመበት አላቅቆ መለጠፍ ነበረበት። ይህም የሰውን ጣትና ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነበር። በዚያው ጊዜ አካባቢ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ብስክሌት ይሠራ የነበረው የሩጅ ዊትወርዝ ኩባንያ ቸርኬው ከነጎማው በአንድ ጊዜ የሚነቀልበትን ዘዴ አወጣ። በዚህ ዘዴ ጎማው የሚሰካበት ሞዞ በላዩ ላይ ቀጫጭን ሸንተረሮች አሉት። የቸርኬውም እምብርት በውስጡ ተመሳሳይ ሸንተረር ስላለው ሁለቱ እንደ እጅ ጣቶች ተጠላልፈው ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ በመካከል የሚታሰረው አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው። ዳዶው ሁለት ወይም ሦስት ክንፍ ስላለው ክንፉን በመዶሻ እየመቱ ያጠብቁታል፤ እንዲሁ እየመቱ ይፈቱታል።

ኤም ጂ፣ ጃጓር፣ ትራያምፍና ኦስቲን ሂሊ የተባሉት የእንግሊዝ አገር አውቶሞቢሎች በሽቦ ቸርኬያቸውና በዚህ ባለክንፍ ዳዶ የታወቁ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የገባው በጥቂቱ ነው፤ ዛሬም በአንዳንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚገኘው ከዚያው የተረፈው ነው። ክንፉ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የሚሽከረከር በመሆኑ እግረኛን ይጐዳል ተብሎ በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ ተከለከለ። ደንቡ ኋላ ቢሻርም ፋብሪካዎቹ ግን በዚያን ጊዜ ክንፉን ትተው በልዩ መፍቻ የሚፈታ ባለስምንት ማዕዘን ዳዶ መሥራት ጀመሩ። ይህን ማወቅ ለአስመጪ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስሙና ዓይነቱ አንድ የሆነ አውቶሞቢል በተሠራበት ዓመት ምክንያት ብቻ አንዱ መዶሻ፣ ሌላው የብረት ቀለበት መፍቻ ይሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ባለክንፉ ዳዶ በግራና በቀኝ ጎን አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ጎን ጥርስ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የሌላው ጎን ግን ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው ሲሄድ በቸርኬውና በዳዶው መካከል የሚፈጠረው ጥቂት እንቅስቃሴ ዳዶውን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ እንዲገፋው የታሰበ ነው። ሞዞዎቹ በጥገና ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ተለዋውጠው የተገጠሙ እንደ ሆነ ግን ያው እንቅስቃሴ ዳዶውን እያላላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጎማው ከመኪናው ይለያል። ስለዚህ በዳዶው ፊት ላይ ጎኑን የሚናገር ጽሑፍና የሚፈታበትን አቅጣጫ የሚያመለክት ፍላጻ ተቀርጾበት ይገኛል። ዳዶውን ለማሳመር ብሎ ይህን ጽሑፍ ሞርዶ የሚያጠፋ ባለጋራዥ የሚያመጣው አደጋ ከሚያገኘው የእጅ ዋጋ ጋር አይመዛዘንም።

አንባቢው «ጃጓር ከመንጌ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ነገር ግን ይኸው የግራና የቀኝ ጥርስ ጉዳይ በመንጌና በአሶሳ፣ በኩርሙክም መንገድ በየቀኑ ያለ ጉዳይ ነው። በአገራችን ጭነት ተሸካሚ ሆኖ የኖረው የጃፓኑ አይሱዙ በብዙዎቹ የቀድሞ ዓይነቶቹ የግራ ጎማ ብሎኑ የግራ ጥርስ፣ የቀኝ ጎማ ብሎኑ የቀኝ ጥርስ ነው። በብሎኑ ጫፍ ላይ ግራና ቀኝን የሚለይ አንድ የላቲን ፊደል ታትሞበት ይታያል። ጭቃና ዝገት ሲሸፍነው ግን ማንም አያየውም። በኋላ በኩል ጥንድ ጎማ ያለበት ደግሞ ሁለት ዓይነት መፍቻ ይጠይቃል፤ የውጩ ዳዶ 41 ሚሊሜትር ባለስድስት ማዕዘን ሲሆን፣ የውስጡ 21 ሚሊሜትር ባለአራት ማዕዘን ነው። የውስጡን መፍቻ ሳይዝ የውጩን ብቻ ይዞ የወጣ ሹፌር የውስጥ ጎማው የተነፈሰ ዕለት ዕዳው ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል።

እንግዲህ በአንድ የገጠር ከተማ ሱቅ የሚደረገውን ንግግር ማሰብ አያስቸግርም።

«ሼህ፣ የአይሱዙ የኋላ ጎማ ዳዶ አለዎት?»

«አለ፣ ልጄ። ስንት ልስጥህ?»

«አራት ይስጡኝ።»

ገንዘብ ይከፈላል፤ ዳዶውም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ሼሁ የግራ ነው ወይስ የቀኝ ብለው አልጠየቁም፤ ልጁም አልተናገረም። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ወደ መኪናው ተመልሶ የቀኙን ዳዶ በግራው ብሎን ላይ ሲያስገባ እንቢ ይለዋል። እንቢ ያለውን ነገር በጉልበት ማሸነፍ የወጣት ልማድ ስለ ሆነ የመፍቻውን እጀታ በቱቦ ያስረዝምና ይጫነዋል። በዚህን ጊዜ የዳዶውም የብሎኑም ጥርስ አብሮ ይበላል። አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ ብሎኑ ይለወጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ ጭነቱም ይዘገያል። ነገሩ የባሰ የሚሆነው ዳዶው በከፊል ነክሶ የያዘ በመሰለ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው ሰው ጭኖ ይነሣል።

ወደ አሮጌዎቹ አውቶሞቢሎች ስንመለስ ሌላም ልዩነት አለ። ቮልስ፣ ቀድሞ በሰማያዊ ቀለሙ የታክሲ ሥራ ይሠራ የነበረው ትንሹ ፊያት ሴይቼንቶና ላዳ ጎማቸው የሚታሰረው በዳዶ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሞዞው ወይም ወደ ፍሬን ከበሮው በሚገባ ብሎን ነው። በዳዶ በሚታሰረው መኪና ጥርሱ የተበላ እንደ ሆነ አንድ ብሎን አውጥቶ ሌላ መትከል ይቻላል። በእነዚህ ግን የሚበላው የከበሮው ወይም የሞዞው ጥርስ ስለ ሆነ ጠቅላላ ዕቃው ይጐዳል። ስለዚህ ብሎኑ መጀመሪያ በእጅ ጣት ብቻ ብዙ ዙር መግባት አለበት። በጣት የማይገባ ብሎን በመፍቻ እንዲገባ ማስገደድ ከበሮውን አስቀድሞ እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

የእንግሊዝ ዕቃ በኢንች፣ የጀርመን፣ የኢጣሊያና የጃፓን ዕቃ በሚሊሜትር መለካቱ ደግሞ ብዙ ዳዶ ያጠፋ ነገር ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲታሰብ የሦስት አራተኛ ኢንች መፍቻ 19.05 ሚሊሜትር ስለሚሆን በ19 ሚሊሜትር ዳዶ ላይ ያለ ጉዳት ይሠራል። የ13 ዐሥራ ስድስተኛ ኢንች ዳዶ ግን 20.64 ሚሊሜትር ነው። ይህን በ21 ሚሊሜትር መፍቻ የሚፈታ ሰው ከአንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር የሚበልጥ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ዳዶው በዝገት የተያዘ እንደ ሆነ መፍቻው በማዕዘኑ ላይ ይንሸራተትና ማዕዘኑን ያከብበዋል። የከበበ ዳዶ ከዚያ ወዲያ በመሮና በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም። ባለሱቁ የሁለቱን ልክ መፍቻዎች በአንድ ሣጥን ቀላቅሎ ማስቀመጡን ቢተው፣ የኢንቹን በአንድ መደርደሪያ፣ የሚሊሜትሩን በሌላ ቢያደርግ፣ ምንም ገንዘብ ሳያወጣ ደንበኛውን ከብዙ ኪሳራ ያድነዋል።

ባለክንፉን ዳዶ በሚመለከት ከሁሉ የከፋው ልማድ በብረት መዶሻ መምታት ነው። ብረት ብረትን ሲመታ ክንፉ ይሰነጠቃል፣ ኒኬሉ ይላጣል፣ የተሰበረውም ስባሪ ዓይን ያጠፋል። ለዚህ ሥራ የተፈቀደው መዶሻ ራሱ ከዳዶው የለሰለሰ መሆን አለበት፤ ይኸውም የመዳብ፣ የእርሳስ ወይም የጥሬ ቆዳ መዶሻ ነው። መዶሻው ከማርጀቱ የተነሣ ፊቱ እንደ እንጉዳይ ሲሰፋ ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ዳዶው ሳይጐዳ እርሱ ተጐድቷልና። የሰፋውን ጠርዝ ሞርዶ ማስተካከል፣ የእርሳሱን ደግሞ በቅርጽ ውስጥ እንደገና አፍስሶ ማደስ ይቻላል። አንዳንድ ባለእጆች ለዚህ ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ በቤታቸው ምድጃ ሲያቀልጡ ይታያሉ። የእርሳስ ጭስና አቧራ መርዝ ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ሕፃናትን የሚጐዳ ስለ ሆነ፣ ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። የቆዳውን መዶሻ መግዛት ይሻላል።

ከመዶሻም የተሻለ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የእንጨት መፍቻ ነው። ወፍራም ሳንቃ ተወስዶ የዳዶው ክንፎች ልክ በካርቶን ተነድፎ በመካከሉ ይፈለፈላል፤ ከዚያም ክንፎቹ በተፈለፈለው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ የሳንቃውን ጫፍ በእጅ ወይም በእግር በመጫን ዳዶው ያለ ምንም ጭረት ይፈታል። ይህን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ማስመጣት አያስፈልግም። ጠንካራ የወይራ እንጨት ያገኘ አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የእንጨቱ አሠር ወደ እጀታው ርዝመት የሄደ እንዲሆን ብቻ መጠንቀቅ ይገባል፤ አሠሩ በአግድም የሆነ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ጫና ይሰበራል። ሥራው ካለቀ በኋላ በተልባ ዘይት ደጋግሞ ማሸት በቆላው ሙቀት እንዳይሰነጠቅ፣ በክረምቱም እርጥበት እንዳያብጥ ይረዳዋል። በመንጌም ሆነ በአሶሳ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ሰው አይታጣምና፣ የአገር ቤት ነጋዴ ራሱ አሠርቶ ሊሸጠው የሚችል ዕቃ ቢኖር ይህ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ በአጭሩ ለማስረዳት፣ ዳዶው መኪናው በክሪክ ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ይላላል፤ ጎማው ከመሬት ሲነሣ ፈጽሞ ይፈታል። በሚታሰርበት ጊዜ ጎማው በአየር ላይ እንዳለ መጀመሪያ ይጠበቃል፤ ቸርኬው በዳዶው ሾጣጣ ላይ በትክክል መሐል ለመሐል የሚቀመጠው በዚህ ጊዜ ነው። የመጨረሻው ምት ጎማው መሬት ከረገጠ በኋላ ይሆናል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቆሞ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ ሹፌር ግን ጥቂት ነው። በማቆምና በማስነሣት ጊዜ ከጎማው በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ የሞዞው ሸንተረር ማለቁን ያመለክታል። ያለቀ ሸንተረር ጫፉ እንደ ቢላዋ ይሾላል። ዳዶውን ይበልጥ በማጥበቅ አይድንም፤ ቸርኬውም ሞዞውም አብረው መለወጥ አለባቸው። አዲሱን ቸርኬ ባለቀ ሞዞ ላይ የሚገጥም ሰው የአዲሱንም ዕድሜ ያሳጥራል።

ግሪስን በሚመለከት በጋራዦች ዘንድ ክርክር አለ፤ ክርክሩም የሚነሣው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ በመቍጠር ነው። በመሐል ዳዶ ለሚታሰረው የሽቦ ቸርኬ ሸንተረሩ፣ ጥርሱና ሾጣጣው ስስ የግሪስ ቅብ ይፈልጋሉ፤ ያለ እርሱ ብረቱ ይዝግና እርስ በርሱ ይያያዛል። በአራት፣ በአምስት ወይም በስድስት ዳዶ ለሚታሰረው ተራ ጎማ ግን ፋብሪካው የጥብቀቱን መጠን የሚወስነው ባጠቃላይ ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ መሆኑን አስቦ ነው። ዘይት የተቀባ ጥርስ በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይጠብቅና ብሎኑን ይስበዋል። ስለዚህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው። ለተራው ጎማ የሽቦ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል።

የመፍቻው ጥበቃ ከዚህ ያነሰ ትኩረት አያሻውም። አፉ የሰፋ ወይም የተሰነጠቀ ቡሶላ የሚጠገን ዕቃ ስላይደለ መጣል አለበት። ዝገት የያዘው በኬሮሲን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመኪናው ጋር ይቀመጣል። «ከመኪናው ጋር» የሚለው ቃል በአጽንዖት መነበብ አለበት፤ ብዙ ባለንብረት ውድ መፍቻውን እንዳይሰረቅበት ሲል ቤቱ ቈልፎበት መንገድ ይወጣልና።

አሁን ወደ ነጋዴው ጠረጴዛ እንመለስ። በአስመጪዎች ቤት የሚጻፈው የትዕዛዝ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «የጎማ ዳዶ፣ 200 ፍሬ» ብቻ የሚል ነው። የውጭ አገሩ ሻጭ ይህን ሲያነብ ያለውን ይልካል፤ እርሱን ልንወቅሰው አንችልም። ለእንግሊዞቹ አውቶሞቢሎች የሚሆነው ባለክንፍ ዳዶ እንኳ በአንድ ኢንች ውስጥ 8 ጥርስ ያለውና 12 ጥርስ ያለው ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት ላልለመደው ሰው ያስቸግራል፤ አንዱ በሌላው ሞዞ ላይ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፤ ከዚያም ሞዞው ይበላሻል። ስለዚህ ደብዳቤው የአውቶሞቢሉን ስምና የተሠራበትን ዓመት፣ ጎኑን፣ በኢንች ወይም በሚሊሜትር የሆነ ልኩን፣ የጥርሱን ብዛት፣ የዳዶውን መቀመጫ ቅርጽ ማለት ሾጣጣ ወይም ክብ ወይም ጠፍጣፋ መሆኑን ማመልከት አለበት። ግራና ቀኝ ያለው ዕቃ በእኩል ቍጥር ይታዘዛል። የመፍቻውም ትዕዛዝ በዚያው ደብዳቤ ከዳዶው ቀጥሎ ባለው መስመር ይጻፋል። ዕቃው በጅቡቲ በኩል ደርሶ ሣጥኑ ሲከፈት የግራው በቀይ ቀለም፣ የቀኙ በነጭ ቢነካ፣ ማንበብ የማይችል ረዳት እንኳ አይሳሳትም። ይህ ሁሉ ከጸሐፊው የሚጠይቀው የሩብ ሰዓት ትጋት ነው።

ነጋዴው የሚያቀርበው መቃወሚያ መኖሩ አይካድም፤ መቃወሚያውም ከንቱ አይደለም። ዳዶ በየወሩ ይሸጣል፤ መፍቻ ግን አንድ ደንበኛ በዐሥር ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው። ውድ የሆነ ልዩ መፍቻ አስመጥቶ በመደርደሪያ ላይ ማቈየት ገንዘብን እንደ ማሰር ነው። በመንጌ ያለ ባለሱቅማ ከአሶሳ፣ የአሶሳው ከአዲስ አበባ በሚያመጣው ዕቃ ላይ የሚጨመረው የመጓጓዣ ዋጋ ብቻ ያስፈራዋል፤ በወለጋ በኩል ያለው መንገድም በቅርብ ዓመታት በጸጥታ ችግር ደጋግሞ ስለ ተቋረጠ የዕቃው መድረሻ ቀን አይታወቅም። ለዚህ የሚሰጠው መልስ መፍቻውን ማከራየት ነው። ባለሱቁ ለአካባቢው መኪናዎች የሚሆኑ አራት ወይም አምስት ዓይነት መፍቻዎች ብቻ ይዞ፣ የዋጋውን ያህል መያዣ ተቀብሎ፣ በቀን ትንሽ ኪራይ ቢያውስ፣ መፍቻው የሽያጭ ዕቃ ሳይሆን እንደ ወፍጮ የሚሠራ ንብረት ይሆንለታል። መፍቻውን የተከራየ ሰውም ዳዶውን ከዚያው ሱቅ መግዛቱ አይቀርም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ ነው፤ በእርሱም የደንበኛው ሰሌዳ ቍጥር፣ የመኪናው ዓይነት፣ የዳዶው ልክና ጎን ይጻፋል። በሁለተኛው ጊዜ ሹፌሩ ሲመጣ ባለሱቁ «ስንት ልስጥህ?» ከማለቱ በፊት መዝገቡን ይገልጣል።

አንዱ ነጋዴ ብቻውን ለማዘዝ የሚከብደውን ልዩ መፍቻ ደግሞ ብዙ ነጋዴዎች በአንድነት ሊያዝዙት ይችላሉ። በየከተማው ያሉት የንግድ ምክር ቤቶች ከአባሎቻቸው ፍላጎቱን ሰብስበው ለአንድ አስመጪ ቢሰጡ የሣጥኑ ብዛት ዋጋውን ይቀንሰዋል፤ ልኩም በአንድ ሰው እጅ ስለሚመረመር ስሕተት ይቀንሳል። በአሶሳና በመንጌ አካባቢ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚበረታ ስለ ሆነ፣ ጭቃና ዝገት ዳዶውን ከመያዙ በፊት ዕቃው በሚያዝያ ወር በሱቅ መደርደሪያ ላይ መገኘት ይኖርበታል። የባሕሩና የየብሱ ጉዞ፣ የባንኩና የጉምሩኩም ሥራ የሚወስደው ጊዜ ሲታሰብ የዚህ ዓመት ትዕዛዝ ከታኅሣሥ ወር ባያልፍ መልካም ነው።